ከዶርም መውጫ መንገድ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የአእምሮ ደኅንነት በአካል እንቅስቃሴ የመደገፍ መመሪያ

በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስፖርት ሲባል ወዲያው የሚታሰበው በትምህርት ክፍሎች መካከል የሚደረገው የእግር ኳስ ውድድር ነው። ውድድሩ መልካም ነገር ቢሆንም ሜዳ የሚገቡት ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ውድድር ባይኖርም የሚሮጡ፣ ጓደኛ ያላቸውና በግቢው የሚታወቁ ናቸው። ከቤተሰቡ ርቆ የመጣው፣ የመጀመሪያው የሚድ ውጤት ያስደነገጠው፣ ከክፍል እንደተመለሰ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ የሚተኛው ተማሪ ግን ከተጫዋቾቹም ከተመልካቾቹም መካከል አይገኝም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለዚያ ተማሪ ለሚያስቡ ሰዎች ነው፤ ለዶርም ጓደኞቹ፣ ለተማሪዎች ኅብረት ተወካዮች፣ ለስፖርት ሳይንስ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንዲሁም አቅም ባገኘ ጊዜ ለራሱ ለተማሪው። አገላለጹ በደሴና በኮምቦልቻ ያሉትን የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ የወልዲያ ዩኒቨርሲቲንና የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲን የተማሪ ኑሮ ታሳቢ ያደረገ ነው።

ለተጨነቀ ወይም በድባቴ ለተያዘ ተማሪ የሚበጀው እንቅስቃሴ አጭር፣ የማይቋረጥ፣ ከሌላ ሰው ጋር የሚደረግና ማንም ነጥብ የማይሰጥበት ነው። ተማሪ ዓመቱን ሙሉ በነጥብ የሚለካ ሰው ነው፤ ግሬዱ አለ፣ ማስጠንቀቂያ የማግኘትና የመሰናበት ስጋት አለ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል። እንቅስቃሴውም በኪሎ ሜትርና በደቂቃ የሚወዳደሩበት ሌላ ፈተና ከሆነ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚሸሸው ልንደግፈው ያሰብነው ተማሪ ይሆናል።

እንቅስቃሴ አእምሮን እንዴት ይረዳል?

ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሩጫ ኢንዶርፊን የተባለ ንጥረ ነገር አመንጭቶ ደስታን ይሰጣል የሚለው ነው፤ ነገሩ ግን ከዚህ ይሰፋል። እንቅስቃሴ ሰውነት ራሱ የሚሠራቸውን ኢንዶካናቢኖይድ የተባሉ የሚያረጋጉ ንጥረ ነገሮች በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል፤ የነርቭ ሕዋሳትን እድገትና ትስስር የሚያግዘው ቢ.ዲ.ኤን.ኤፍ. የተባለው ፕሮቲንም ከእንቅስቃሴ ጋር እንደሚጨምር ታይቷል። ይሁንና አንድን የዶርም ጓደኛ ለመርዳት ይበልጥ የሚጠቅመው የእነዚህን ስሞች ማወቅ ሳይሆን በዕለት ኑሮ ላይ የሚታየውን ለውጥ መረዳት ነው።

የመጀመሪያው ለውጥ የሚታየው በእንቅልፍ ላይ ነው። ቀን ብርሃን ያየና የተንቀሳቀሰ ሰው ማታ ቶሎ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ በተለይ የጠዋት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል። ሌሊት ሲያነብ አድሮ ቀን የሚተኛ ተማሪ ከጊዜ በኋላ ቀንና ሌሊቱ ይገለባበጡበታል፤ እንዲህ ላለው ተማሪ ከጠዋቱ 12፡30 ላይ ለ15 ደቂቃ ከዶርም ወጥቶ መራመድ ከብዙ ምክር ይሻላል።

ሁለተኛው ለውጥ ድባቴ ራሱን የሚመግብበትን ክብ መስበሩ ነው። ሰው ሲከፋው ከሰው ይርቃል፣ ከክፍል ይቀራል፣ ከሚወደው ነገር ይሸሻል፤ በራቀ ቁጥር የሚያስደስተው ነገር እየቀነሰ ስለሚሄድ የበለጠ ይከፋዋል። ስሜቱ እስኪስተካከል ጠብቆ ለመነሣት ማሰብ ክቡን ያጠብቀዋል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፣ ማለትም ስሜቱ ሳይመጣ በፊት እግር ይንቀሳቀሳል፣ ስሜቱ ኋላ ይከተላል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ለድባቴ ከሚጠቀሙባቸው ሕክምናዎች አንዱ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው።

ሦስተኛው ጭንቀት ያለበትን ተማሪ የሚመለከት ነው። ድንገተኛ ጭንቀት የሚይዘው ሰው ልቡ ሲመታ፣ ትንፋሹ ሲያጥርና ላብ ሲያሰምጠው ሊሞት የደረሰ ይመስለዋል። ዳገት ሲወጣ እነዚሁ ምልክቶች ይመጣሉ፤ ከዚያም በራሳቸው ጊዜ ይረግባሉ፣ ምንም ክፉ ነገር አይከተልም። ይህ ከተደጋገመ የልብ ምት መፍጠን የአደጋ ምልክት ሆኖ መቆጠሩ እየቀረ ይሄዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ተማሪ መጀመሪያ ላይ ሲደነግጥ እንቅስቃሴውን ማስቆም ሳይሆን ፍጥነቱን ቀንሶ፣ አጠገቡ እየተራመዱ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ ዝግ ብሎ እንዲቀጥል ማገዝ ይገባል፤ ይህ የሚሆነው ግን ከዚህ በታች የተጠቀሱት የልብ ሕመም ምልክቶች የሌሉበት እንደሆነ ብቻ ነው።

የማስረጃውን ልክ ማወቅም ይጠቅማል። በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጡት ጥናት፣ ድባቴ ያለባቸው 156 ሰዎች ለ16 ሳምንታት በሦስት ተከፍለው ታይተው ነበር፤ አንዱ ቡድን እንቅስቃሴ ብቻ አደረገ፣ ሌላው የድባቴ መድኃኒት ብቻ ወሰደ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አጣመረ። በመጨረሻ የሦስቱም መሻሻል ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈጥኖ መሥራቱ ታይቷል። የጥናቱ ተሳታፊዎች 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች እንጂ ተማሪዎች እንዳልነበሩ መዘንጋት አይገባም። መድኃኒት ታዝዞለት የሚወስድ ተማሪም ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም።

መጠኑን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠናክር ሥራ ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው እየተራመዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ነው። መመሪያው ከምንም ጥቂት ይሻላል ይላል፤ ለእኛም ጉዳይ ከቁጥሮቹ ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው። ከአልጋው ለመነሣት ለሚቸገር ተማሪ 150 ደቂቃ ብሎ መንገር ዳገቱን ከግርጌው ሆኖ እንዲያየው ማድረግ ስለሆነ፣ ቁጥሩ የእግር ጉዞ ቡድኑን ለሚመራው አስተባባሪ ይቀመጥ።

ከመጀመር በፊት መጠየቅ ያለበት

ተማሪውን ወደ እንቅስቃሴ ከማስገባት በፊት ጥቂት ጥያቄዎች በግልና በአክብሮት ይቀርቡለታል። ሲሮጥ ወይም ደረጃ ሲወጣ ራሱን ስቶ ያውቃል ወይ? ደረቱን ያመዋል ወይ? እኩዮቹ ሳይደክሙ እርሱ ትንፋሽ ያጥረዋል ወይ? በልጅነቱ የልብ ሕመም አለብህ ተብሎ በየወሩ መርፌ ይወጋ ነበር ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ያለ ምክንያት አልገባም፤ ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ ቫልቭን የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም በአገራችን ወጣቶች ላይ ዛሬም የሚታይ ነው። ከእነዚህ ለአንዱ አዎን ያለ ተማሪ አስቀድሞ ወደ ግቢው ክሊኒክ ይሂድ። አስም ያለበት ወደ አፉ የሚነፋውን መድኃኒት (ኢንሄለር) በኪሱ ይዞ ይውጣ፤ የደሴ ጠዋት ቅዝቃዜና የማገዶ ጭስ ሁለቱም አስምን ይቀሰቅሳሉና። የሚጥል በሽታ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ደግሞ አብሮት ለሚሄድ ቢያንስ ለአንድ ሰው ይንገር።

ቁርሱንም መጠየቅ ነውር አይደለም። በካፌ ወረፋ ምክንያት ወይም ገንዘብ ስላጠረው ምግብ የሚዘል ተማሪ ባዶ ሆዱን ቢሮጥ የሚያተርፈው ማዞርና መከፋት ነው። እንዲህ ላለው አስቀድሞ የሚያስፈልገው ዳቦ ስለሆነ፣ የእግር ጉዞው ከካፌ ተጀምሮ በካፌ እንዲያልቅ ቢደረግ ሁለቱም ነገር በአንድ ይሟላል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ጥሪው የሚደረግበት መንገድ ከእንቅስቃሴው ዓይነት በላይ ወሳኝ ነው። «ድባቴ ስላለብህ ስፖርት ሥራ» ማለት ተማሪውን ያሸማቅቀዋል፤ «ስፖርት ሥራ፣ ይለቅሃል» የሚለውም ሕመሙን እንደ ስንፍና የሚቆጥር ይመስላል። «ነገ ጠዋት ወደ በሩ ድረስ በእግሬ ልወርድ ነው፣ አብረኸኝ ውረድ» ማለት ግን ቀላል ነው፤ እምቢ ቢባልም ማንም አይጎዳም። ጥሪው በቃል ሳይሆን በተግባር ይታገዛል፤ ጓደኛው በተቀጠረው ሰዓት አልጋው አጠገብ ይመጣል፣ ጫማው ከማታው በአልጋው ሥር ተዘጋጅቶ ያድራል። ዛሬ አልችልም ካለ አይለመንም፣ አይወቀስም፤ በማግስቱ ግን እንደገና ይጠራል። ከአስተባባሪነት ሥራ ሁሉ ከባዱ ይህ ሳይሰለቹ ደጋግሞ መጥራት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ ይራመዳል። የሚቀጠረው በርቀት ሳይሆን በጊዜ ነው፤ ሰባት ደቂቃ ሄዶ መመለስ በየትኛውም መንገድ ይቻላል። አንድ ስምምነት ይኑር፦ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መመለስ የፈለገ ያለ ምንም ጥያቄ ይመለሳል፣ አንድ ሰውም አብሮት ይመለሳል። መመለስ እንደሚቻል ያወቀ ሰው መውጣት አይከብደውም፤ ከወጡ በኋላ ደግሞ አብዛኞቹ ይቀጥላሉ። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ይጨመርና 30 ደቂቃ ላይ ሲደርስ በርዝመቱ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው የቀኑ ብዛት ነው። መሮጥ የሚፈልግ በመሃል አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቀ ሊሞክር ይችላል፤ የማይፈልግ ግን እስከ ምረቃው ድረስ ቢራመድም ምንም አይቀርበትም።

የቡድኑ ቁጥር ከሦስት እስከ ስድስት ቢሆን ይመረጣል። ሁለት ብቻ ሲሆኑ አንዱ ሲታመም ነገሩ ይቆማል፤ ከስድስት ሲበዙ ደግሞ ዝምተኛው ተማሪ ከኋላ ብቻውን ይቀራል። የቡድኑ ፍጥነት የሚወሰነው በኋለኛው ሰው እርምጃ ስለሆነ፣ ጠንካራው ተማሪ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ይሂድ። የቴሌግራም ግሩፕ ከተከፈተ ለሰዓትና ለቦታ መነጋገሪያ ብቻ ይዋል፤ የእርምጃ ቁጥር፣ የሩጫ ደቂቃና የክብደት ፎቶ የሚለጠፍበት ከሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሹ አባል ዝም ብሎ ይጠፋል።

ለውጡን ለመከታተል ተማሪው ከመውጣቱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ ስሜቱን ከ0 እስከ 10 በማስታወሻ ደብተሩ ጥግ ይጻፍ፤ ማታ የተኛበትንም ሰዓት ይጨምር። ይህን ለማንም ማሳየት አይጠበቅበትም። ድባቴ የትናንቱን መልካም ነገር የማስረሳት ባሕርይ ስላለው፣ «ምንም አልረዳኝም» ብሎ ለማቆም በሚያስብበት ቀን የራሱ ጽሑፍ ይመልስለታል፤ በእርግጥም ካልረዳው ያንኑ ጽሑፍ ለባለሙያ ሊያሳየው ይችላል።

ከፍታ፣ ዝናብና የመንገዱ ነገር

የደሴ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር ትገኛለች። ከአፋር፣ ከጋምቤላ ወይም ከሌላ ቆላ የመጣ አዲስ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሶምሶማ ሲጀምር ትንፋሹ ቢቆረጥ የደካማነት ምልክት አይደለም፤ አየሩ ሳስቶበት ነው። ይህ ካልተነገረው ግን ከደጋ ልጆች ጋር ራሱን እያነጻጸረ ያፍራል። ለእርሱ ሁለትና ሦስት ሳምንት እርምጃ ብቻ ይበቃዋል፣ ዳገቱ ኋላ ይመጣል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው የደሴ ማለዳ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ አለው፤ በዚህ ወቅት ሰዓቱን ወደ ቀትር መዳረሻ ወይም ከሰዓት በኋላ ወደ 10 ሰዓት ማዛወር ይቻላል። ወሎ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብ ስላለው ከየካቲት ጀምሮ ጭቃ ይኖራል ተብሎ አስቀድሞ ይታሰብ፤ ዝናብ በጣለ ቀን የት እንደሚኬድ ካልተወሰነ ቡድኑ የሚበተነው በዝናብ ነው። የመማሪያ ሕንፃ ደረጃ፣ ሰፊ ኮሪደር ወይም ባዶ አዳራሽ ይበቃል፤ ደረጃ ለ10 ደቂቃ መውጣትና መውረድ ደግሞ ከሜዳ ሩጫ የማያንስ ድካም ነው።

ጦሳን መውጣት ለብዙ ተማሪ ትልቅ ደስታ ነው። ሆኖም ለመጀመሪያው ወር የሚሆን አይደለም፣ ብቻውን የሚወጣም ሊኖር አይገባም። በጭጋግ ቀን መንገዱ ስለሚጠፋና አመሻሹ ፈጥኖ ስለሚጨልም ጠዋት ተነሥቶ ከቀትር በፊት መመለስ፣ ውሃ መያዝ፣ የአካባቢውንም ሰው ስለ መንገዱ መጠየቅ ይገባል። የተከፋ ተማሪ ብቻውን ወደ ገደል አፋፍ የመሄድ ልማድ ካመጣ ይህ እንቅስቃሴ ተብሎ አይታለፍም፤ ያን ቀን ብቻውን አይተውም።

ኮምቦልቻ ከደሴ በስተ ደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ችግሯ ብርድ ሳይሆን የቀትር ሐሩር ነው። በዚያ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ቢወጣ ይመቸዋል። ከተማዋ ወደ መቀሌና በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚሄዱ መንገዶች መገናኛ፣ የፋብሪካ ከተማም ስለሆነች፣ በዋናው አስፋልት ዳር መሮጥ በከባድ መኪና መካከል መሮጥ ይሆናል፤ የግቢው ውስጥ መንገድ ይመረጣል። በወልዲያ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም አለ፤ ወደ ውስጥ መግባት ባይፈቀድ እንኳ የእግር ጉዞ መድረሻ አድርጎ መቅጠር ይቻላል፤ መድረሻ ያለው ጉዞ ዙሪያውን ከመዞር ይልቅ ሰውን ያንቀሳቅሳልና።

በሴሚስተር አንድ ጊዜ ረዘም ያለ የጋራ ጉዞ ቢዘጋጅ ቡድኑን ያጠናክራል። ለደሴ ተማሪዎች 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐይቅ ትመቻለች፤ በመኪና ደርሶ በሐይቁ ዳር መራመድ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም፣ ወንዱንም ሴቷንም እኩል የሚያሳትፍ ነው።

ለሴት ተማሪዎች

ብዙ ጊዜ ሴት ተማሪዎች በሜዳ የማይታዩት ፍላጎት ስለሌላቸው ሳይሆን መታየቱ ስለሚያስቸግራቸው ነው። ሲሮጡ የሚከተል ዓይንና ለከፋ አለ፣ ማለዳና ምሽት ደግሞ የደኅንነት ስጋት አለ። ስለዚህ ሰዓቱን የሚመርጡት ራሳቸው ይሁኑ፤ ከተማሪዎች ዲን ቢሮ ጋር ተነጋግሮ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት አዳራሽ ለሴቶች ብቻ እንዲለቀቅ ማድረግ አንድ ማመልከቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሒጃብና ረጅም ቀሚስ ለእርምጃ፣ ለደረጃና ለጡንቻ ማጠናከሪያ ምንም አያግዱም፤ የስፖርት ልብስ የግድ ነው ብሎ መጀመር ግማሹን ሰው በር ላይ መመለስ ነው። በዶርም ውስጥ ገመድ መዝለል፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ መሥራት፣ ወንበር ላይ መቀመጥና መነሣት፣ ውሃ የሞላ ጄሪካን ማንሣት ለጡንቻ የሚመከሩትን ሁለት ቀናት ይሞላሉ። በወር አበባ ቀን ሕመም ካለ ማረፍ ይቻላል፤ ቀላል እርምጃ ግን ለብዙዎች ቁርጠቱን ያስታግሳል።

ጭፈራም እንቅስቃሴ ነው፤ እንዲያውም በወሎ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ሀብት አለ። ለ20 ደቂቃ ሳያቋርጥ እስክስታ የመታ ሰው ልቡ ከሮጠ ሰው ልብ ባልተናነሰ ይመታል፤ ትከሻና አንገት ቀኑን ሙሉ ከደብተር ላይ ከመጎበጥ የሚያመጡትም ድንዛዜ ይፈታል። አብሮ በምት መንቀሳቀስ ደግሞ ማውራት ለማይፈልግ ሰው ከሌሎች ጋር የሚሆንበት መንገድ ይሰጠዋል። ፈጠን ያለ የባቲ ወይም የአንቺ ሆዬ ዜማ ይመረጥ፤ ትዝታውን ለሌላ ቀን ማቆየት ይሻላል።

ጾም፣ ጫትና የፈተና ወቅት

በዐቢይ ጾም 55 ቀናትና በረመዳን ወር ቡድኑ ሰዓቱን እንጂ ልማዱን አይለውጥም። እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ክርስቲያን ተማሪ ከበላ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ቢወጣ ይመቸዋል። ረመዳንን የሚጾም ተማሪ ውሃም ስለማይጠጣ ቀን ላይ ከባድ ነገር አይሠራም፤ ከማፍጠሪያው በፊት ባሉት የመጨረሻ 20 ደቂቃዎች በዝግታ ተራምዶ ወዲያው ማፍጠር፣ ወይም ካፈጠረ በኋላ ወደ ተራዊሕ በእግሩ መሄድ ይበቃዋል። በአንድ ዶርም ሁለቱም ስላሉ ሰዓቱ በየወቅቱ የሚቀየረው ለሁሉም ተብሎ ነው፤ በወሎ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

የጫት ጉዳይ ግን በግልጽ መነገር አለበት። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል አነቃቂ ነው፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍን ያባርራል። ለማንበብ ብሎ ከሰዓት በኋላ የቃመ ተማሪ ሌሊቱን በምርቃና ያድራል፣ በማግስቱ ተኝቶ ይውላል፣ ሲነሣ ይደበተዋል፣ ድብርቱን ለማባረር እንደገና ይቅማል። እየቃሙ ወይም ምርቃናው ሳይለቅ መሮጥ ልብን ያለ አግባብ ማስጨነቅ ስለሆነ አይደረግም። ለመተው ወይም ለመቀነስ የወሰነ ተማሪ የመጀመሪያዎቹ ቀናት መፍዘዝ፣ መነጫነጭና ዱካክ (በእንቅልፍ የሚመጣ ቅዠት) እንደሚያመጡበት አውቆ ይግባ። በእነዚያ ቀናት የእግር ጉዞው የሚቀጠረው ይቅምበት በነበረው ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 8 ወይም 9 ላይ ነው፤ ባዶ የቀረውን ሰዓትና የቀሩትን ጓደኞች የሚተካ ነገር ካልተገኘ ውሳኔው ብዙ አይቆይም። አስተባባሪው ቃሚውን ከቡድኑ ማስወጣትም ሆነ መስበክ የለበትም።

ፋይናል ሲቃረብ ሁሉም ተማሪ መጀመሪያ የሚሰርዘው እንቅስቃሴውን ነው። እንዲያውም የመውጫ ፈተና የሚወስዱ ተመራቂዎች ከአንድ ወር በፊት ጀምረው ከላይብረሪ ወጥተው አያውቁም። ክርክር አያስፈልግም፤ የፈተና ወር ስምምነት ቀደም ብሎ ይደረግ፦ 30 ደቂቃው ወደ 10 ይወርዳል፣ ቀኑ ግን አይቀነስም። ሁለት ሰዓት ካነበቡ በኋላ ተነሥቶ 10 ደቂቃ መራመድ ትኩረትን ያድሳል፤ የተነበበውን ለጓደኛ እየተራመዱ በቃል ማስረዳት ደግሞ ራሱ ጥናት ነው። ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ግን ጠንካራ ሩጫ አይመከርም። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚሰጠው የፊዚካል ፊትነስ ኮርስም ለዚህ ሁሉ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ መምህሩ በክፍሉ ውስጥ የእግር ጉዞ ቡድኖችን ቢያቋቁም፣ ሳይናገር የሚሰቃየው አዲስ ተማሪ ሳይለይና ሳይፈረጅ በአንዱ ውስጥ ይገባል።

እንቅስቃሴ የማይበቃበት ቦታ

አንዳንድ ሁኔታ የእግር ጉዞ ጉዳይ አይደለም። ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ የተከፋ፣ ምግብ ያስጠላው፣ ከክፍል የቀረ ተማሪ፣ ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ የሚሰማ፣ ለቀናት ሳይተኛ ያለ ልክ ንቁ የሆነና ገንዘቡን የሚበትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መሞትን የሚያነሣ ወይም ዕቃውን ለሰው ማከፋፈል የጀመረ ተማሪ ባለሙያ ያስፈልገዋል። ስለ መሞት ያስብ እንደሆነ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙ ጊዜ ሰውየውን ያሳርፈዋል። ካሰበ ብቻውን አይተውም፣ ገመድ፣ ስለትና መድኃኒት ከአጠገቡ ይነሣሉ፣ በዚያው ቀን ወደ ግቢው ክሊኒክ ወይም ወደ ምክር አገልግሎቱ አብሮት ይኬዳል፤ ሌሊት ከሆነ የዶርሙ ተቆጣጣሪ (ፕሮክተሩ) ይቀሰቀሳል። በደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ቤተሰቡ ጠበል ወይም ዱዓ ከመረጠ ጠብ አይፈጠር፤ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን እንዲሄድ፣ መድኃኒቱም እንዳይቋረጥ መነጋገር ይበልጥ ውጤት ያመጣል።

ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ አጋማሽ ወልዲያ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም ጉዳት ደርሶባቸዋል። ዛሬ በግቢ ካሉት ብዙዎች ያኔ ተማሪ ቤት የነበሩ፣ ቤታቸውን ጥለው የሸሹ ወይም ዘመድ ያጡ ናቸው። ስለዚህ ቡድን የሚመራ ሰው ፊሽካ መንፋትን፣ እንደ ወታደር በትእዛዝ መጮኽን፣ ከሰው ጀርባ በድንገት ሮጦ መምጣትን ይተው። መንገዱን ተማሪዎቹ ይምረጡት፤ በአንድ ቦታ ማለፍ የማይፈልግ ሰው ምክንያቱን አይጠየቅ። በድንገት ደንግጦ የቆመ ካለ በስሙ ተጠርቶ፣ የት እንዳለና ቀኑ ምን እንደሆነ በዝግታ ይነገረዋል፣ እግሩ መሬቱን መርገጡን እንዲያስተውል ይደረጋል፤ ሌሎቹ ከቦ እንዳይቆሙበት ራቅ ይላሉ።

ከክረምት ዕረፍት በፊት

ሰኔ ሲደርስ ቡድኑ መበተኑ ስለማይቀር ሁለት ነገሮች ቀድመው ይዘጋጁ። አንደኛው እያንዳንዱ ተማሪ ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን እንደሚሠራ መወሰን ነው፤ የገበሬ ልጅ በክረምት ከእርሻና ከአረም የሚተርፍ ጉልበት አይኖረውምና የሚያስፈልገው ሌላ ሩጫ ሳይሆን ጓደኛው በሳምንት አንድ ቀን የሚደውልበት ሰዓት ነው፤ ከተማ የሚውለው ግን የጠዋት ጉዞውን ከእኅቱ ወይም ከጎረቤት ልጅ ጋር ሊቀጥል ይችላል። ሁለተኛው ርክክብ ነው። ተመራቂው አስተባባሪ በአንድ ገጽ የመገናኛ ሰዓቱን፣ በዝናብ ቀን የሚኬድበትን ሕንፃ፣ አዳራሹን የሚከፍተውን ሰው የሥራ ድርሻና የክሊኒኩን የሥራ ሰዓት ጽፎ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይስጥ። በገጹ ላይ የአባላት የግል ችግር አይጻፍም። አዲሱ አስተባባሪ ቢቻል የቡድኑ ፈጣን ሯጭ አይሁን፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይመለሱ ከነበሩት አንዱ ቢሆን አዲስ የሚመጡትን እንዴት መጥራት እንዳለበት ያውቃል።